ከጎሚስታ ቤት እስከ ሁለት ቀበቶ፦ ቪዲዮው የዘለለው የአሌክስ ፔሬራ ታሪክ

ሰሞኑን ከወልቂጤ ተነስተን አታት ልንደርስ ስንል የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰ። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ወርደን ጠበቅን። ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን የሚፈልገው ልጅ ቢበዛ 15 ዓመት ቢሆነው ነው። ለጥፎ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። 30 ሰከንድ አይሞላም። ፊቱ ድንጋይ የመሰለ፣ ራሱን የተላጨ ሰውዬ ቀስት እንደሚወረውር ሆኖ ይቆማል። ቀጥሎ አንድ የግራ ቡጢ፣ ቀጥሎ የተዘረጋ ሰው፣ ቀጥሎ ቀበቶ። ከላይ በትልቁ "ትምህርት አቋርጦ ጎሚስታ ቤት ይሠራ ነበር፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ" የሚል ጽሑፍ አለው።

"የምር ነው ግን?" አለን ልጁ።

አዎ፣ የምር ነው። ሰውዬው ብራዚላዊው አሌክስ ፔሬራ ነው። ቪዲዮው ግን ጎሚስታ ቤቱንና ቀበቶውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መሃል ላይ ያለውን ቆርጦ ጥሎታል። ጓንት ካጠለቀበት ቀን እስከ ዩኤፍሲ ቀበቶ 13 ዓመት አለ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚያ ስለተቆረጠው ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትምታቱ።)

ፔሬራ የተወለደው ሐምሌ ወር 1987 ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ሳኦ ቤርናርዶ ዶ ካምፖ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። የድሃ ሰፈር ልጅ ነው። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ መጀመሪያ የግንበኛ ረዳት ሆነ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት አቀባይ ማለት ነው። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጎሚስታ ቤት ገባ። እነሱ ቦሃሻሪያ ይሉታል፣ ሥራው ግን ያው እኛ የምናውቀው ነው፤ ክሪክ ማስገባት፣ ቸርኬ መፍታት፣ ጎማ ማላቀቅ፣ ለጥፎ መመለስ።

ጎሚስታ ቤቱ ደሞዝ ብቻ አልሰጠውም። አብረውት የሚሠሩት ትልልቅ ሰዎች ይጠጡ ነበር፣ እሱም አብሯቸው መጠጣት ጀመረ። ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ካሻሳ የሚባል መጠጥ አለ፤ እንደኛ አረቄ ርካሽና ኃይለኛ ነው። ልጁ ጺም ሳያበቅል የመጠጥ ሱሰኛ ሆነ። ይሄንን እሱ ራሱ በተደጋጋሚ በቃለ መጠይቅ ተናግሮታል፣ የምናማው ነገር አይደለም። ቪዲዮው ላይ ይህ የለም፤ ለምን ቢባል "ትምህርት አቋርጦ ሱሰኛ ሆነ" የሚል ርዕስ ላይክ አያመጣም።

በ2009 ዓ.ም፣ 21 ዓመት ሲሆነው፣ ኪክቦክስ ጂም ገባ። ሻምፒዮን ልሁን ብሎ አይደለም፤ መጠጡን ለመተው የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። መጠጡም ጂም በገባ ማግስት አልለቀቀውም፣ ከሱስ መውጣቱ ዓመታት ፈጅቶበታል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። የቡጢ ዓለም ውስጥ 21 ዓመት መጀመሪያ ዕድሜ አይደለም። በ6 በ7 ዓመታቸው ጂም የገቡ ልጆች በዚያ ዕድሜ ብዙ ውድድር ጨርሰዋል። እሱ ግን ቀን ጎማ እየፈታ፣ ማታ መሠረታዊውን እየተማረ ነው የጀመረው።

የመጀመሪያ አሰልጣኙ "ፖአታን" የሚል ስም አወጣለት። የብራዚል ነባር ሕዝቦች ከሚናገሩት ከቱፒ ቋንቋ የተወሰደ ነው፣ "የድንጋይ እጅ" ማለት ነው። ፔሬራ ራሱ የዘር ሐረጉ ፓታሾ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ይመዘዛል። ወደ ውድድር ሲገባ ቀስት የሚወረውረውም ለዚህ ነው። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ያ አቋቋም ለካሜራ የተፈጠረ ዳንስ ሳይሆን የዘሩ ምልክት ነው።

ወደ ትልቁ ኪክቦክስ ድርጅት ወደ ግሎሪ ከገባ በኋላም ነገሩ ቀጥ ያለ ዳገት አልነበረም። ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ይመለሳል። በጥቅምት 2017 ቻይና ላይ ሳይመን ማርከስን አሸንፎ የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜው 30 ደርሶ ነበር። በ2019 ደግሞ አንድ ክብደት ከፍ ብሎ ሁለተኛ ቀበቶ ጨመረ፤ ግሎሪ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ክብደት ላይ ሻምፒዮን የሆነ ከእሱ በፊት አልነበረም።

አሁን ወደ ኤምኤምኤ እንምጣ። ልዩነቱን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኪክቦክስ ላይ ቆመህ በቡጢ፣ በእግርና በጉልበት ትመታለህ፣ ተቃዋሚህ ከወደቀ ዳኛው ይቆጥርለታል። ኤምኤምኤ ላይ ቆጠራ የለም። ከወደቅክ ላይህ ላይ ይወጣል፣ ይመታሃል፣ አንገትህን ያንቃል፣ ክንድህን ይጠመዝዛል። ስለዚህ በቡጢ የዓለም አንደኛ የሆነ ሰው መሬት ላይ አውርዶ የሚያንቅ ሰው ሲገጥመው ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ፔሬራም ሆነ። በጥቅምት 2015 እዚያው ብራዚል የመጀመሪያ የኤምኤምኤ ውድድሩን ሲያደርግ ከኋላ ታንቆ እጅ ሰጠ። አዎ፣ ዛሬ ቪዲዮው ላይ የምታዩት ሰውዬ የመጀመሪያ ግጥሚያው ላይ መሬት መትቶ በቃኝ ብሏል። በቀጣዩ ዓመት ሁለት ግጥሚያ በዝረራ አሸነፈና ወደ ኪክቦክሱ ተመለሰ። እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ኤምኤምኤ አልተጫወተም።

ለማንኛውም በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ የገጠመው አንድ ሰው አለ፤ እሱ ባይኖር ፔሬራን ዛሬ የምናውቀው አይመስለንም። ናይጄሪያ ተወልዶ ኒውዚላንድ ያደገው እስራኤል አዴሳንያ ነው። በሚያዝያ 2016 ቻይና ላይ ፔሬራ በነጥብ አሸነፈው። በመጋቢት 2017 ደግሞ ብራዚል ላይ አዴሳንያ እየመራ ሳለ በሦስተኛው ዙር በግራ ቡጢ ዘረረው። ያን ቀን ትንሹ የፔሬራ ልጅ አዴሳንያ በተዘረረበት አጠገብ መጥቶ እንደ እሱ መሬት ላይ ተዘርሮ አሾፈበት። ይቺን ልጅ ያዟት፣ በኋላ ትመለሳለች።

አዴሳንያ ከዚያ ወደ ዩኤፍሲ ሄዶ ዓለምን ያዘ። በ2019 የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። እኛ እዚህ ገጽ ላይ ያለነው በሙሉ የአዴሳንያ ደጋፊ ነበርን፣ አፍሪካዊ ነዋ፤ አሁንም ከመካከላችን አንዱ ፔሬራ የሚባል ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ነገር ግን አዴሳንያ ባሸነፈ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለው ነበር፦ "ያ ሁለት ጊዜ ያሸነፈህ ብራዚላዊስ?"

ያ ብራዚላዊ በ2021 መጣ። ከጎኑ ደግሞ ግሎቨር ቴሼራ ነበር። ስለ ቴሼራ ሰፋ አድርገን ካልነገርናችሁ ታሪኩ አይገባም። ቴሼራ አሜሪካ ውስጥ ኮኔቲከት ግዛት ጂም ያለው የአገሩ ልጅ ነው። መሬት ላይ ትግል የሚያውቅ፣ ሰው ማነቅ የተካነ፣ በጥቅምት 2021 በ42 ዓመቱ የዩኤፍሲ ቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ የጎደላቸውን ተለዋወጡ። ፔሬራ ለቴሼራ ቡጢ አሳየ፣ ቴሼራ ለፔሬራ እንዴት እንደማይወድቅ፣ ከወደቀም እንዴት እንደሚነሳ አስተማረ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው በ30ዎቹ አጋማሽ እንደ ጀማሪ መሬት ላይ ተንጋሎ "ከዚህ እንዴት ነው የምነሳው?" ብሎ ሲማር አስቡት። ጎሚስታ ቤት ያሳለፋቸውን ዓመታት ያህል ይሄ ያስከብረዋል ባይ ነን።

ቴሼራ ቀበቶውን ካሰረ ከሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 6 ቀን 2021፣ ፔሬራ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ የዩኤፍሲ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ። 34 ዓመቱ ነው። ግሪካዊውን አንድሪያስ ሚካይሊዲስን በሁለተኛው ዙር እየዘለለ በጉልበት መትቶ ጨረሰው። ከዚያ ብሩኖ ሲልቫን በነጥብ፣ ሾን ስትሪክላንድን በመጀመሪያው ዙር በግራ ቡጢ። በሦስት ድል ለቀበቶ ተጠራ። በተለምዶ ለዚያ ዓመታት ይወስዳል፤ እሱን የጠሩት ግን ያ የድሮ ጥያቄ መልስ ስለፈለገ ነው።

ኅዳር 12 ቀን 2022፣ እዚያው ኒውዮርክ። አራት ዙር ሲጠናቀቅ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ አዴሳንያ ይመራል። ፔሬራ ካልዘረረው ተሸንፏል። አምስተኛው ዙር ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆነው አዴሳንያን አጥሩ ላይ አስጠግቶ አከታተለበት፣ ዳኛው ገብቶ አስቆመው። ፔሬራ በጠቅላላ ኤምኤምኤ 8ኛ ግጥሚያው ላይ የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ሆነ።

ለምን ይህን ያህል ይዘርራል? ብዙ ሰው "እጁ ከባድ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኪክቦክስ ጓንት ወፍራም ስለሆነ ፊትህን ከኋላው መደበቅ ትችላለህ። የኤምኤምኤ ጓንት 4 አውንስ ገደማ ብቻ ነው፣ ጣት ያሳያል፣ በመሃሉ ቡጢ ሾልኮ ይገባል። በወፍራም ጓንት ሰው መዘረር የለመደ እጅ ቀጭን ጓንት ሲያደርግ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሌላው እግሩ ነው። ከጉልበት በታች ባቱን አካባቢ ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ እዚያ ቆዳ ስር ቅርብ ሆኖ የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ ሲመታ እግር ይደነዝዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተመታ ሰው መቆሚያው ይበላሻል፣ መሸሽ ያቅተዋል። ዓይኑ ወደ እግሩ ሲወርድ የግራ ቡጢው ይመጣል። የግራ ቡጢው ደግሞ ትልቅ ውርወራ የለውም፣ ትከሻው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ነው የሚወጣው። ብዙ ቪዲዮ ላይ የወደቀው ሰው መቼ እንደተመታ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ የሚያስፈልጋችሁ ለዚህ ነው።

ስትሪክላንድንና አዴሳንያን ያሸነፈበት ክብደት ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ነበረው። የመካከለኛ ክብደት ጣሪያው 84 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፔሬራ ቁመቱም አጥንቱም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ነው። ሚዛን ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ውሃውን ከሰውነቱ አድርቆ፣ ጉንጩ ገብቶ ነበር የሚመዘነው። በነገራችን ላይ፣ ሰፈር ጂም ውስጥ ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ፦ ይሄ ነገር ኩላሊትም ልብም የሚጎዳ ነው፣ ሰው ሞቶበታል። ፔሬራ በባለሙያ ተከቦ ነው የሚያደርገው፣ እሱም ቢሆን በኋላ ተወው።

የተወው ግን ከተሸነፈ በኋላ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2023 ማያሚ ላይ ከአዴሳንያ ጋር ደግመው ተገናኙ። ፔሬራ እግሩን እየመታ አጥር ላይ አስጠጋው፣ ሊጨርሰው ሲገባ አዴሳንያ በቀኝ ቡጢ ያዘው። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀረው ፔሬራ ተዘረረ። አዴሳንያ የራሱን ቀስት መልሶ ሦስት ጊዜ ወረወረበት። ከዚያ ዞሮ ሕዝቡ መሃል የተቀመጠውን የፔሬራን ልጅ ፈልጎ አገኘውና በጣቱ ጠቁሞት እሱ በ2017 እንዳደረገው መሬት ላይ ወደቀ። ስድስት ዓመት ያልረሳው ነገር ነው። አንዳንዱ ልጅ ላይ ቂም መያዝ ነውር ነው አለ፣ አንዳንዱ ተገቢ ነው አለ። እኛ በወቅቱ ጨፍረናል፣ አንዋሽም።

ፔሬራ 35 ዓመቱ ነው፣ ተዘርሯል፣ ቀበቶውም ሄዷል። ብዙ ሰው አለቀለት አለ። እሱ ከሦስት ወር ከምናምን በኋላ 93 ኪሎ ወደሚታገሉበት ወደ ቀላል ከባድ ሚዛን ወጣ። ፖላንዳዊውን የቀድሞ ሻምፒዮን ያን ብላሆቪችን በጠባብ ነጥብ አሸነፈ። በኅዳር 2023 ደግሞ ቼኩን ይርዢ ፕሮሃዝካን በሁለተኛው ዙር ጨርሶ ባዶ የነበረውን ቀበቶ ወሰደ። በግሎሪም በዩኤፍሲም ሁለት ሁለት ክብደት ላይ የነገሠ ሰው እሱ ነው።

ከዚያ የመጣው ምሽት ሚያዝያ 13 ቀን 2024፣ ላስ ቬጋስ፣ ዩኤፍሲ 300 ነው። ተቃዋሚው ጀማል ሂል። ሂል ማን እንደሆነ ልብ በሉ፦ በጥር 2023 ሪዮ ላይ ቴሼራን አምስት ዙር ሙሉ ቀጥቅጦ ያሸነፈው ሰው ነው፤ ቴሼራ ያኔ እዚያው ሜዳው ላይ ጓንቱን ሰቀለ። አሁን ቴሼራ በተማሪው ጥግ ቆሞ ያያል። በመጀመሪያው ዙር ሂል ሳያስበው ፔሬራን ከወገብ በታች መታው። ዳኛው ሊያስቆም ሲጠጋ ፔሬራ ዓይኑን ከሂል ላይ ሳያነሳ እጁን ዘርግቶ "ተወው፣ ደህና ነኝ" ብሎ አስወገደው። ወዲያው ግራ ቡጢ። ሂል ወደቀ። ያ ልጅ አታት ላይ ያሳየን ቪዲዮ ውስጥ የወደቀው ሰውዬ ይሄው ሂል ነው።

በዚያ ዓመት ሌላም አደረገ። ኮኖር ማክግሪገር ተጎድቶ በቀረበት የሰኔ ዝግጅት ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠርቶ ፕሮሃዝካን ድጋሚ ገጠመ፤ በእግሩ ጭንቅላቱን መትቶ በሁለተኛው ዙር ጨረሰው። በጥቅምት ካሊል ራውንትሪን በአራተኛው ዙር። ቀበቶውን በ175 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አስከበረ። እንግሊዝኛ ስለማይቀናው ቃለ መጠይቁን በአስተርጓሚ ነው የሚሰጠው፤ ከሱ አፍ የሚሰማው "ሻማ" የምትለዋ አንዲት የፖርቹጋል ቃል ናት፣ "ጥራው፣ ይምጣ" እንደማለት ነው። ዛሬ እዚህ ሰፈር ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ትርጉሟን ሳያውቁ ይሏታል።

ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። መጋቢት 8 ቀን 2025 የዳግስታኑ ማጎመድ አንካላዬቭ አምስት ዙር ሙሉ ወደ ኋላ እየገፋው በነጥብ አሸነፈው። ቀበቶው ሄደ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ድጋሚ ተገናኙ። ፔሬራ 38 ዓመቱ ነው። በዚህኛው ጊዜ አልጠበቀም፤ ደወሉ እንደተደወለ ወደፊት ሄዶ በቀኝ ቡጢ አንገዳገደው፣ መሬት ላይ በክርን ጨረሰው። 80 ሰከንድ ፈጀ።

ቪዲዮ የሚሠራው ለአሸነፈው ብቻ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ብራዚል ውስጥ ጎማ እየፈቱ ካሻሳ የሚጠጡ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ስንቶቹ ጂም ደጃፍ ደርሰው እንደተመለሱ ማንም ቪዲዮ አይሠራላቸውም። ፔሬራንም ትምህርት ማቋረጡ ሻምፒዮን አላደረገውም። ያደረገው ጂም በሩ ክፍት መሆኑ፣ ታግሶ የሚያስተምረው አሰልጣኝ ማግኘቱ፣ በ30ዎቹ ዕድሜውም ቴሼራን የመሰለ ሰው ማግኘቱ ነው። የእኛ አገር ኤምኤምኤ ገና ነው፣ ቴኳንዶና ቦክስ ግን በየከተማው አለ፤ ቴኳንዶ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ነበር። አንዳንዱ ቦታ ክለቡ የሚሠለጥነው ባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርነውም፣ ጎማው ተገጥሞ ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነበር። የነገርነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው ጂም የገባው በ21 ዓመቱ እንደሆነ፣ የገባውም መጠጥ ለመተው እንደሆነ።

"በ21?" አለና በቅባት የጠቆሩ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። "ታዲያ እኔ ስድስት ዓመት አለኝ ማለት ነው?" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና "ማታ ማታ ትምህርት ቤት አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀን። ሌላ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ሲመጣ ክሪኩን አንስቶ ሄደ።